ያደረ ዳቦ

ይህን ከማንበባችሁ በፊት አንዴ ወደ ማድ ቤት ጎራ በሉና የዳቦውን ፌስታል ከፍታችሁ እዩት። ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ የተገዛ፣ ጠርዙ የደረቀ፣ ልጆች “አሮጌ ነው” ብለው የገፉት ሁለት ሦስት ዳቦ አታጡም። እኛም ቤት አይታጣም ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ጊዜ ማታ እቃ ሳጥብ ከቆሻሻው ጋር እጥለው ነበር።

የባለቤቴ እናት አብረውን መኖር የጀመሩት አምና ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ገጠር ብቻቸውን መሆናቸው ስላላስቻለን፣ ቡታጅራ ከተማ እኛ ጋ አመጣናቸው። መጀመሪያ ላይ ሁለታችንም በጥንቃቄ ነበር የምንነጋገረው። እኔ እንግድነት እንዳይሰማቸው እጥራለሁ፤ እሳቸው ሸክም እንዳይሆኑብኝ ይጠነቀቃሉ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ከቆየን በኋላ አንድ ጠዋት ቆሻሻ ማስቀመጫው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። አራት ደረቅ ዳቦ በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል።

“ልጄ፣ ይሄን ማን ጣለው?”

“እኔ ነኝ እማማ። አድሯል እኮ።”

“ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ አይደል እንዴ የምንበላው? ዳቦ አንድ ቀን ስላደረ ይጣላል?”

እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን ለሥራ ረፍዶብኝ ነበርና “እማማ፣ የማድ ቤቱን ነገር ለእኔ ይተዉት” አልኳቸው። ያፈርኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸውም በእርግጥ ተዉት። ማድ ቤት አይገቡም፤ ቁርስ ሲቀርብ ሻይ ብቻ ጠጥተው “ጠገብኩ” ይላሉ። ባለቤቴ ምን እንደተፈጠረ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ “ምንም” ብዬዋለሁ። እናንተም ቤት እንዲህ ዓይነት “ምንም” ይኖር ይሆናል።

ነገሩን ሳታውቅ የፈታችው የአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ናት። አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ሰንብታ ስትመለስ፣ ካፌ የበላችውን ፍሬንች ቶስት ሥሪልኝ እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከዳቦ ቤት እንፋሎቱ ያልጠፋ ዳቦ ገዝቼ ቆረስኩ፤ እንቁላልና ወተት መትቼ ነከርኩት። ከሳህኑ ሳነሳው እጄ ላይ ፈረሰ። መጥበሻው ላይ የደረሰውም እንደ ገንፎ ተጣበቀ።

ስህተቴ ዳቦው ላይ ነበር። ይህ ምግብ የተፈጠረው ለደረቀ ዳቦ ነው። ፈረንሳዮች “ፓን ፔርዱ” ይሉታል፤ “የጠፋ ዳቦ” ማለት ነው። ጀርመኖች ደግሞ “ድሃ ባላባቶች” ብለውታል፤ በአጲኪዮስ ስም በሚታወቀው የጥንት ሮማውያን የምግብ መጽሐፍ ውስጥም ዳቦን ወተት ውስጥ ነክሮ፣ በዘይት ጠብሶ፣ ማር አፍስሶበት ማቅረብ ተጽፏል። ትኩስ ዳቦ የራሱ እርጥበት ስላለው ሲነከር ይላሽቃል፤ የደረቀው ግን ወተቱን ጠጥቶ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። እኛስ እንጀራ ሲደርቅ ፍርፍር እናደርገው የለ? ድርቆሽ አድርገን መንገድ እንሰንቀው የለ? ፉርኖው ላይ ሲሆን ለምን እንደምንጨክን አላውቅም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐሙስ የተገዛውን ዳቦ አወጣሁ። ለስምንት ቁራጭ አራት እንቁላል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና ትንሽ የተፈጨ ኮረሪማ በደንብ መታሁ። ዳቦውን የአውራ ጣት ውፍረት አድርጌ ቆረጥኩት፤ ከሳሳ ይበጣጠሳል፣ ከወፈረ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። እያንዳንዱን ጎን ግማሽ ደቂቃ ያህል ነከርኩ፤ በጣም ለደረቀው አንድ ደቂቃ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አማረልኝ። ከዚያ ለጋ ቅቤ መጥበሻው ላይ ጣል ሳደርግ ጠቆረና ቤቱን በጭስ ሞላው።

ዘይት ልጨምርበት እችል ነበር። እኔ ግን ወደ ክፍላቸው ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። “እማማ፣ ቅቤው አረረብኝ።”

መጡ። መጥበሻውን አይተው፣ እሳቱን ቀነሱና “ለጋ ቅቤ ምን ያድርግ? የተነጠረውን አምጪ” አሉ። ቅቤ ሲነጠር ውሃው ይተንናል፤ ቶሎ የሚያርረው የወተት ዝቃጭም ይወጣለታል። ስለዚህ ሙቀት ይችላል። እኛ ቤት ለክትፎ የሚነጠረው ቅቤ ኮረሪማና ኮሰረት ስላለበት መዓዛው ካፌ የምታገኙት ዓይነት አይደለም። መካከለኛ ሆኖ ወደ ዝቅተኛ ባደላ እሳት እያንዳንዱን ጎን ሦስት ደቂቃ ያህል አቆዩት፤ መሐሉን ጫን ስታደርጉት ፈሳሽ ካልወጣና መለስ ካለ እንቁላሉ በስሏል።

ልጆቹ ማር አፍስሰውበት ዝም አሉ፤ እኛ ቤት ዝምታ የምስጋና ምልክት ነው። እማማ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። “ጣፋጭ ነገር ለቁርስ?” ለሁለተኛው ዙር ስኳሩን አስቀሩት፤ ጨውና ሚጥሚጣ ጨመሩበት፤ ከላይ አይብ ደረቡበት። እመኑኝ፣ እኔም ዛሬ የምወደው ይህኛውን ነው።

ስለዚያ ጠዋት ቃል አልተነፈስንም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት “ብዪ፣ ይቀዘቅዝብሻል” አሉኝ።

እናንተም ስትሞክሩ ያደረ ዳቦ ከሌላችሁ ቆራርጣችሁ ሳይሸፈን አሳድሩት፤ ወይም ሞቅ ባለ ምጣድ ላይ ጥቂት ደቂቃ አድርቁት። ሻጋታ ያየባችሁበትን ግን ቆርጣችሁ ለማትረፍ አትሞክሩ፤ ሙሉውን ጣሉት፤ እማማም በዚህ ይስማማሉ። ለጾም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄት በአንድ ስኒ ውሃ በጥብጣችሁ እስኪወፍር አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ የበሰለ ሙዝ አድቅቃችሁ ጨምሩበትና በዘይት ጥበሱት። እንቁላሉን አይተካም፤ ረቡዕ ጠዋት ግን አያሳፍርም። ተልባውን የሚቆሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አሳርራለሁ ይላሉ።

አሁን ሌላ ችግር መጥቷል፤ ቤታችን ዳቦ አያድርም። ልጆቹ ትኩሱን ይጨርሱታል። ባለፈው ሐሙስ መሶቡን ሳነሳ ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለሉ አራት ዳቦዎች አገኘሁ። እማማ ከበሩ ላይ ሆነው አዩኝና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።