ሰዓት አለቀ!

መቼም የሰፈሩን ሳይክል ኪራይ የማያስታውስ የለም። ወንዶቹ ለአሥር ደቂቃ ተከራይተው አቧራ ሲያስነሱ፣ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን ሰዓት ጠባቂ ነበርን። «ሰዓት አለቀ!» መጮህ የእኛ ሥራ ነው። መንዳት የተማርነው 24 ዓመት ሞልቶን፣ ለትምህርት እንግሊዝ ከሄድን በኋላ ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከሁለት ጓደኞቻችን ጋር ደርቢሻየር ሄድን። እዚያ በዋይ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ እስከ ቤክዌል የሚዘልቅ፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሞንሳል ትሬይል የሚባል መንገድ አለ። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር። በ1863 (እ.ኤ.አ.) ሐዲዱ ሸለቆውን ሰንጥቆ አለፈ፤ ጸሐፊው ጆን ራስኪንም ሰው ከባክስተን ቤክዌል በግማሽ ሰዓት እንዲደርስ ተብሎ ያ ሁሉ ውበት ጠፋ ብሎ ተናደደ። ባቡሩ በ1968 ቀረ፤ ዋሻዎቹ በ2011 ለሳይክል ተከፈቱ።

እኛስ? ግማሽ ቀን ፈጀንበት! ሽማግሌዎች ቀደሙን፤ ሕፃናትም ቀደሙን። ዋሻ በደረስን ቁጥር ፈርተን ወርደን እንገፋለን፤ ጓደኞቻችንም ሳይስቁብን አብረውን ይገፋሉ። ሄድስቶን ድልድይ ላይ ቆመን፣ ወንዙ ከሥር ሲጠማዘዝ እያየን ዳቧችንን በላን። «ሰዓት አለቀ» ያለን ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ እንደተመለስን ለታናሽ እህታችን ሳይክል ገዛንላት። ሰፈሩ አይቶ ያወራል፤ ያውራ። መሪው ገና ይንቀጠቀጥባታል። እኛም ዳር ቆመናል፤ ሰዓት ግን አንጠብቅም።