ሰሊጡ ሳይታጨድ ረገፈ

ሰሊጥ አይታገሥም። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ መቆም አለበት። ጥቂት ቀን ከዘገየ የፍሬው ማቀፊያ ይከፈትና ክረምቱን ሙሉ የተለፋበት እህል መሬት ላይ ይፈሳል። መስከረም ሲጠባ ሳሉጉ፣ ወቅታዊው የጉልበት ሠራተኛ፣ ከጎጃምና ከጎንደር ተነሥቶ፣ መተማ ዮሐንስ ላይ ድልድዩን ተሻግሮ በጋላባት በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ይተምም የነበረው ለዚሁ ነው። እኔም አንድ ዘመን ከተሻገሩት ውስጥ ነበርኩ። ስለ ቀድሞው የሱዳን ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ ሳስብ ዛሬም ዓይኔ ላይ የሚመጣው ከእግሬ ሥር የረገፈ ሰሊጥ ነው።

ሰውየውን አዲስ አበባም ታውቀዋለች። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ግብርና፣ በማንቸስተር ኢኮኖሚክስ ተምሯል። በአፍሪካ ልማት ባንክ ሠርቷል፤ በኋላም ካዛንቺስ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በምክትል ዋና ጸሐፊነት አገልግሏል። ከዚያ ሲወጣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የንግድና ልማት ባንክ አማካሪ ሆነ። በ2011 መግቢያ ላይ የያኔው የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር የገንዘብ ሚኒስትር ቢያደርገው አልፈልግም አለ። ይህ እምቢታ ነው ስሙን ያስከበረለት።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዳቦ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ሲወጣ ዐትባራ ተነሣች፤ በማግስቱ ገዳሪፍ። ገዳሪፍ፣ የማሽላና የሰሊጥ አገር፣ ዳቦ አጥታ ጎዳና ወጣች፤ ልጆቿም በጥይት ወደቁ። አል በሽር ሚያዝያ ላይ ወረደ፤ ግንቦት ላይ በካርቱም ወታደራዊ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት የሰፈሩት ወጣቶች ተጨፈጨፉ። ከዚህ ሁሉ ደም በኋላ የተቃውሞው ጥምረት፣ የነጻነትና ለውጥ ኃይሎች፣ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ያጩት ሐምዶክን ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 2011 ቃለ መሐላ ፈጸመ። ያን ሰሞን የገዳሪፍ ቡና ሻጭ እህቶቻችን ደንበኞቻቸው ሲያወሩ ሰምተው «እኛ ጋ የነበረው ሰውዬ» እያሉ ይኮሩ ነበር።

ምንም አልሠራም ብል እዋሻለሁ። የካቲት 30 ቀን 2012 ካርቱም ላይ የቦምብ ጥቃት ደርሶበት ተርፏል፤ ሥራውን ግን አላቆመም። ታኅሣሥ 2013 ሱዳን ከአሜሪካ የሽብር ደጋፊ አገሮች መዝገብ ወጣች። ሰኔ ላይ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለሆነው ዕዳዋ የስረዛ በር ተከፈተላት። ዋጋውን የከፈለው ግን ሕዝቡ ነው። ፓውንዱ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ለዶላር ወረደ፣ የነዳጅ ድጎማው ተነሣ፣ የዋጋ ንረቱ ከ400 በመቶ አለፈ። በዳቦ የተነሣ ሕዝብ ያንን ሁሉ በጥርሱ ነክሶ ቻለ። የሚያቃጥለኝም ይኸው መቻሉ ነው።

የሽግግሩ ሕገ መንግሥታዊ ሰነድ ሕግ አውጪው ምክር ቤት በ90 ቀን ይቋቋም ይል ነበር። አልተቋቋመም። መቀመጫው ለማን ስንት ይድረስ እየተባለ፣ ከታጣቂዎቹ ጋር የሚደረገው የሰላም ስምምነት ይጠበቅ እየተባለ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ምክር ቤት ሲጠፋ ሕግ የሚያወጡት የሚኒስትሮች ካቢኔና ጄኔራሎቹ ያሉበት የሉዓላዊነት ምክር ቤት በጋራ ሆኑ። ሕዝቡ በደሙ ያስወጣቸው ወታደሮች ሕግ አውጪ ሆነው ተቀመጡ ማለት ነው። የጦሩ ኩባንያዎችም ከገንዘብ ሚኒስቴር እጅ ውጭ እንደነበሩ ቀሩ። ሐምዶክ ይህ ትክክል አይደለም ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ግን ያኔ፣ መንገዱ ሁሉ ሰው በነበረበት ሰዓት፣ ይህን ካላስተካከላችሁ እለቃለሁ ለምን አላላቸውም? አል በሽርን እምቢ ያለ አንደበት ለጦሩ አዛዥ ለቡርሃን ለምን አነሰ? የባንክ ሰው ነው፤ አበዳሪን ማሳመን ያውቅበታል። ጠመንጃ የያዘን ሰው ግን እንደ አበዳሪ አስልቶ ይመጣል ብሎ ጠበቀው።

መስከረም 2014 የቤጃው መሪ የቲሪክ ሰዎች የፖርት ሱዳንን መንገድ ዘጉ። ሰሊጥ የሚወጣበት በር መታጨጃው ሲደርስ ተቆለፈ። ጥቅምት 15፣ አጨዳው በጦፈበት ሰሞን፣ ቡርሃን መንግሥቱን ገልብጦ ሐምዶክን አሰረው። የሉዓላዊነት ምክር ቤቱ ሊቀመንበርነት ለሲቪሎች የሚተላለፍበት ጊዜ ተቃርቦ ነበር። የዕዳ ስረዛውም የውጭ እርዳታውም ቆመ።

ያኔም ዕድል ነበር። ወጣቱ ስሙን እየጠራ ሞተለት። እሱ ግን ኅዳር 12፣ እኛ ሚካኤልን በምናነግሥበት ቀን፣ ከአሳሪው ጎን ቆሞ ወደ ሥልጣን የሚመልሰውን ስምምነት ፈረመ። ደም እንዳይፈስ ነው አለ፤ አምነዋለሁ። ደሙ ግን አልቆመም፤ የጎዳናው ልብም ያን ቀን ተሰበረ። በስድስት ሳምንቱ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጄኔራሎች፣ ቡርሃንና የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ አዛዥ ሄሜቲ፣ ብቻቸውን ቀሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳሜ ስዑር፣ እኛ ለፋሲካ ዶሮ ስንበልት ካርቱም በሁለቱ ጦርነት ነደደች። ታኅሣሥ 2016 ዋድ መደኒ በሄሜቲ ኃይል እጅ ወደቀች፤ ተፈናቃዩም ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። ሐምዶክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥልጣን በለቀቀ ልክ በሁለት ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ከሄሜቲ ጋር ተቀምጦ ሌላ ወረቀት ፈረመ። እኔ ያን ቀን ገዳሪፍ ያለ ወዳጄ ጋ ደወልኩ። ዜናውን አልሰማም። ከመደኒ በእግሯ የመጣች እናት ከነልጆቿ ቤቱ አርፋለች፤ ፍራሽ ፍለጋ ገበያ ላይ ነበር።