ኮከብ የሌለው ትርኢት

ሰርከስ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አንበሳ፣ ዝሆንና ቀይ አፍንጫ የተለጠፈበት ቀልደኛ ነው። የካናዳው «ሰርክ ዱ ሶሌይ» ግን ያለ አንበሳና ያለ ዝሆን ነው ዓለምን ያስደመመው። እ.ኤ.አ. በ1984 በኩቤክ፣ በመንገድ ላይ ትርኢት ያሳዩ በነበሩ ወጣቶች ተመሠረተ። አንበሳ መቀለብ ውድ ነው፤ የተመልካቹም ስሜት እየተለወጠ ነበር። ስለዚህ ቲያትርን፣ ሙዚቃንና አክሮባትን አዋሕዶ፣ ለሕፃናት ሳይሆን ኪሱ ለሚፈቅድለት ጎልማሳ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው «ብሉ ኦሽን ስትራቴጂ» የተባለው የንግድ መጽሐፍ ገና ከመነሻው ምሳሌ የሚያደርገውም ይህንኑ ሰርከስ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ስልቱ ነው፤ ኮከብ የለውም። የድሮዎቹ ሰርከሶች ስመ ጥር ሰዎችን በውድ ይቀጥሩ ነበር። ይኼኛው ጂምናስቶችን መልምሎ ሞንትሪያል ባለው ማዕከሉ ያሠለጥንና ፊታቸውን ቀብቶ ገጸ ባሕርይ ያለብሳቸዋል። ተመልካች ትኬት የሚቆርጠው ለ«ኦ» ወይም ለ«ሚስቴር» እንጂ ለእገሌ አይደለም። አንዱ ቢሄድ ሌላው ያንኑ ልብስ ለብሶ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ላስ ቬጋስ ውስጥ የተከፈተው «ሚስቴር» ሠላሳኛ ዓመቱን ለማለፍ የበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ማለት ነው።

ነገሩን እንደ ክፍል ሥራ ብቻ እንዳላየው ያደረገችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ በቀበሌ አዳራሽ፣ በአሮጌ ፍራሽ ላይ አክሮባት ስትሠራ አድጋለች። ዘንድሮ ውጭ አገር ለስምንት ወር የሚያሠራ ውል መጣላት። «እስቲ አንብብልኝ፣ ጋዜጠኛ አይደለህ?» ብላ አራት ገጽ እንግሊዝኛ ሰጠችኝ። በሳምንት ስድስት ቀን ትሠራለች፤ ብትጎዳ ውሉ ይቋረጣል። ማን ያሳክማታል? የመመለሻ ትኬቷን ማን ይቆርጣል? ምንም አይልም። አስቀጣሪውን ስልክ ደውዬ ስጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ ወረፋ የያዙ ስንት ልጆች አሉ መሰለህ!» አለኝ። እናታችንም «እንጀራዋን እንዳትዘጋባት» ብላ ተቆጣችኝ። አልፈርድባትም፤ ገንዘቡ የቤታችንን ኪራይ የሚሸፍን ነው።

አስቀጣሪው ከትልቁ ኩባንያ ስልት ግማሹን ብቻ ነው የወሰደው፤ «ብትሄጂ ሌላ አለ» የሚለውን። ማሠልጠኑን የቀበሌው አዳራሽ ሠርቶለታል። ደግሞም ትልቁ ኩባንያ ጋ እንኳ ሰው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 «ካ» በተባለው ትርኢት ላይ ሣራ ጊያር ጊዮ የተባለች አርቲስት ከከፍታ ወድቃ ሞታለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲመጣ ደግሞ ኩባንያው 44 ትርኢቶቹን አቁሞ 95 በመቶ ያህል ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ በዕዳ ተይዞም ከአበዳሪዎቹ እጅ ገባ። በዓመቱ «ኦ» እና «ሚስቴር» እንደገና ተከፈቱ። ስም ሊጠብቅ ይችላል። የአክሮባት ገላ ግን አይጠብቅም።

ሌላም መንገድ አለ። የጅማዎቹ ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም እንግሊዝ አገር ሰርከስ ሲሠሩ ቆይተው «ሰርከስ አቢሲኒያ»ን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በኤዲንብራ ያቀረቡት ትርኢትም ሰርከስን ይመኙ ከነበሩበት ከራሳቸው ልጅነት የተቀዳ ነው። ትርኢት ሠሪ ባለቤት መሆን እንደሚችል አሳይተውናል።

እህቴ እስካሁን አልፈረመችም። ሁለቱን ጥያቄዎች በእጇ ጽፋ ውሉን መልሳዋለች፤ መልስ እየጠበቅን ነው። «እምቢ ካሉስ?» ስላት «ያኔ አስብበታለሁ» አለችኝ። ምርጫው የሷ ነው፤ የኔ ድርሻ ያነበብኩትን ሳልደብቅ መንገር ነው።

እኛ የነገ ጋዜጠኞች ስለ ሰርከስ ስንጽፍ የምናነሳው ጭብጨባውን ነው። ሃምሳው ሰው ሎሚውን ይዞ ሲያምር ፎቶ እናነሳለን። ከሃምሳው አንዱ ቢወድቅ ማን እንደሚያነሳው መጠየቅም ሥራችን ነው እላለሁ።