ገጽም እንደ ጀፎረ ሥርዓት ይፈልጋል

የጉራጌን መንደር ያየ ሰው ሁሉ ጀፎረን ሳያደንቅ አያልፍም። ጀፎረ ማለት በመንደሩ መካከል የሚያልፍ፤ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይቆማሉ፤ እንሰቱም በየጓሮው ይገኛል። ስለዚህ እንግዳ እንኳ ቢሆን ደጁና ጓሮው ወዴት እንደ ሆነ መሪ ሳይፈልግ ያውቃል።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። በዚህ ዓመት እዚህ ቡታጅራ ከእኔ በታች ባለው ክፍል የሚማር አንድ ትጉህ ልጅ፤ ስለ ጀፎረ የሚናገር የኢንተርኔት ገጽ ሠርቶ እንድመለከትለት ለመነኝ። ገጹ ለዓይን ያማረ ነበር። ነገር ግን በወልቂጤ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ አድራሻውን ብልክለት ጥቂት ቆይቶ ደወለልኝ። እርሱ ዓይነ ስውር ስለ ሆነ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለት ስልኩ ነው። «ወንድሜ፤ ስልኬ ‹ሥዕል፤ ሥዕል› ብሎ ዝም አለ። ገጹ ባዶ ነውን?» አለኝ።

ባዶስ አልነበረም። ልጁ የአማርኛው ፊደል በሰው ስልክ ላይ እንዳይበላሽ ሰግቶ ጽሑፉን ሁሉ በሥዕል መልክ ለጥፎት ነበር። ይህ ሥጋት በድሮ ጊዜ እውነት ነበረ። ሆኖም ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፤ በ2021ም ለጉራግኛ አጻጻፍ የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ተመዝግበዋል።

ከዚህ በኋላ ሁለታችን ሥራውን በተራ ያዝን። በመጀመሪያ ጽሑፉን በፊደል ጻፍነው፤ የሚያነበው መሣሪያ ተገቢውን ድምፅ እንዲመርጥ፤ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን በኤች ቲ ኤም ኤሉ መክፈቻ ላይ አመለከትን። ሁለተኛ፤ አርእስቶቹን አስተካከልን። ፊደሉን ማግዘፍ ብቻውን ለመሣሪያው ምንም አይነግረውምና ዋናውን አርእስት «ኤች 1»፤ ንኡሳኑን «ኤች 2» በሚባሉት ምልክቶች ከበብናቸው። እንዲህ ሲሆን ዓይነ ስውሩ ከአርእስት ወደ አርእስት፤ ከቤት ወደ ቤት እንደሚሄድ ሰው ይሻገራል። ሦስተኛ፤ ለፎቶግራፎቹ የሚያሳዩትን የሚናገር አጭር መግለጫ ሰጠናቸው።

አራተኛ፤ ቢጫው ጽሑፍ በነጭ ላይ ተጽፎ ነበር። የዓለም የድር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል፤ ቢጫ በነጭ ላይ ግን ከ1 እምብዛም አይበልጥም። በጥቁር አረንጓዴ ለወጥነው። በመጨረሻም ሦስት ዓምድ የነበረውን ሰንጠረዥ አፍርሰን፤ በስልክ ላይ አንድ ዓምድ እንዲሆን አደረግን።

ልጁ በመካከሉ፤ «ለአንድ ሰው ብለን ይህን ሁሉ እንድከምን?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከሥራው ተገኘ፤ ዓይናቸው የደከመው አያቱ ጽሑፉን ያለ ችግር አነበቡት። ደግሞም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ኢንተርኔትንም ይጨምራል፤ እንግዲህ ነገሩ የቸርነት ብቻ አይደለም።

የአጎቴም ልጅ ገጹን እስከ መጨረሻው ከሰማ በኋላ፤ «ሠርግና ለቅሶ በጀፎረ ላይ እንደሚደረግ ለምን አልጻፋችሁም?» አለን። እውነቱን ነው፤ ወዲያው ጨመርነው። በር የተከፈተለት ሰው እንግዳ ሆኖ አይቀርም፤ ቤቱን ያቀናል።

ስለዚህ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ ገጽ ስትሠሩ ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ሥዕሎቹን ሰውራችሁ አንብቡት፤ በቁልፎች ብቻ ከላይ እስከ ታች ሂዱበት፤ በትንሽ ስልክም ክፈቱት። መንገዱ ከጠፋባችሁ ለሌላውም ይጠፋበታል። ጌጡን ከዚያ በኋላ ጨምሩ።