ስሟን ማን አላችኋት?

ልጄ በተወለደች ማግሥት እናቴ ከንፋስ መውጫ ደወለች። እልልታዋ ሲያበቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ምጤም ስለ ልጅቷ ክብደትም አልነበረም።

«ማን አላችኋት?»

«ኤማ።»

ዝም አለች። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ። ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም እማዬ። ያምራል ብለን ነው።»

«ይሁን። እግዚአብሔር ያሳድጋት» አለችና ወሬ ቀየረች።

ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት «ልጅቱ እንዴት ናት?» እንጂ «ኤማ እንዴት ናት?» ብላኝ አታውቅም። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩት። አላልፍም ያለችው ልጄ ናት። አንድ እሑድ ከአያቷ ጋር በስልክ አውርታ ስትጨርስ «እማማ ስሜን አታውቀውም እንዴ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የእናቴን ዝምታ ለመረዳት ጋይንት ማደግ ሳያስፈልግ አይቀርም። ከጉና ማዶ ያለችው ከተማችን ራሷ ስሟን የሰማ ሰው ካፖርት ሳይዝ አይመጣባትም። ሰዉም እንደዚያው ነው። ጎረቤቶቻችን ማንጠግቦሽ፣ ይበልጣል፣ ጣሰው፣ ደጅይጥኑ ይባሉ ነበር። ስም የሚወጣው ለማማር ሳይሆን ለመናገር ነው። ከዘመድ የተቀያየመ፣ በመሬት የተካሰሰ፣ ልጅ የዘገየባት፣ ሁሉም ልቡ ውስጥ ያለውን በልጁ ስም ይናገራል። የሚሰማው ጎረቤትም ነገሩ ለማን እንደተባለ አይጠፋውም።

ነገሥታቱም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ይኩኖ አምላክ ማለት «አምላክ ይሁንለት» ማለት ነው። የጎንደሩ አፄ ፋሲለደስ የዘውድ ስማቸው ዓለም ሰገድ ነበር፤ ልጃቸው ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አድያም ሰገድ ተባሉ። ዓለሙም፣ አእላፉም፣ አገሩም ሰገደ ነው ነገሩ። ዛሬ ዓለምሰገድ የሚባል ሹፌር ሒሳብ ሲጠይቀን የሚሰግድለት የለም፤ ስሙ ግን ከቤተ መንግሥት ወርዶ ነው እሱ ዘንድ የደረሰው። የቋራዋ እቴጌ ደግሞ ምንትዋብ ተብለው ይታወቃሉ፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዘውድ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ለአንዲት ሴት ሦስት ስም። የኔም ልጅ በሰማንያ ቀኗ የክርስትና ስም አግኝታለች፤ ግን እንደምታውቁት በክርስትና ስም ልጅ ከደጅ አይጠራም።

የኔ ስም ካሳነሽ ነው።

ካሳ የነገሥታት ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እስኪነግሡ ካሳ ኃይሉ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ 4ኛም በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ እስኪጭኑ ካሳ ምርጫ ነበሩ። ይህን ትምህርት ቤት ስማር ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ። ቤት ውስጥ ግን ስሜ ሌላ ነገር ነበር። እናቴ ከኔ በፊት ወንድ ልጅ ቀብራለች። በአራት ዓመቱ ኩፍኝ ወሰደው። በዓመቱ እኔ ስወለድ የሱ ካሳ ነሽ ተባልኩ። ፎቶው የለም፤ ስሙም ቤታችን ውስጥ አይነሳም። የሚነሳው በኔ በኩል ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት «ካሳነሽ!» ብላ ውኃ ስትልከኝ ሁለት ልጅ የምትጠራ ይመስለኝ ነበር። ፈተና ስወድቅ እሱ ቢሆን ባልወደቀ፣ አንደኛ ስወጣ ደግሞ የሱን ድርሻ ትንሽ ከፈልኩ እላለሁ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ስሜ ነው ያለኝ።

ለዚህ ነው ለልጄ ምንም የማይል ስም የፈለግሁት። ሟች የማያስታውስ፣ ለጎረቤት መልእክት የማያደርስ፣ ዕዳ የሌለበት። ኤማን ያገኘሁት ከአንድ ፊልም ነው። ምክንያቴን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ «ለመጥራት ይቀላል» ብዬ አለፍኩት።

ልጄ ያን ጥያቄ ከጠየቀችኝ ማታ ጀምሮ ግን ስለ ስሟ ማንበብ ያዝኩ። ኤማ ለካ የጥንት የአውሮፓ መሳፍንት ስም ኖሯል። የኖርማንዲ መስፍን ልጅ ኤማ እ.ኤ.አ. በ1002 ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤቴልሬድ ተዳረች። እንግሊዝ እንደገባች ግን ኤልፍጊፉ የሚል ስም ተሰጣት። የባሏ አያት ስም ነው። ኤቴልሬድ ሲሞት አገሩን የያዘውን የዴንማርኩን ክኑትን አገባች፤ ከሁለቱም የወለደቻቸው ልጆች ነገሡ። ዕዳ የለበትም ብዬ የመረጥኩት ስም፣ ከታወቁት ባለቤቶቹ በአንዷ ላይ የአማት ቤት ስም ተደርቦበት ነበር። ብቻዬን ሳቅኩ።

ባላባት የትም አገር የአያቱን ስም ይወዳል። የደብረ ታቦሩ የራስ ጉግሣ ስም ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በቤጌምድሩ ገዢ በራስ ጉግሣ ወሌ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙም ዊሊያም፣ ሮበርት፣ ሪቻርድ የሚሉት የጌቶች ስሞች ቀስ በቀስ ወደ ገበሬው ወረዱ፤ የአገሬው የድሮ ስም አብዛኛው ተረሳ። በ12ኛው መቶ ዓመት በአንድ የገና ግብር ላይ ዊሊያም ያልሆነ ሁሉ ይውጣ ተብሎ፣ ከመቶ በላይ ባለፈረስ ዊሊያም አዳራሹ ውስጥ ቀረ ይባላል። የኛና የነሱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ዊሊያም ሲባል ዛሬ «ፈቃድ» እና «የራስ ቁር» የሚሉ ሁለት ቃላት የሚሰማው የለም። ዓለምሰገድ ግን አሁንም ይናገራል።

በዚያው ዓመት ለጥምቀት አገር ቤት ሄድን። መንገዱ ሰላም የነበረ ጊዜ ነው። ከባሕር ዳር በደብረ ታቦር አድርገን፣ ክምር ድንጋይን አልፈን ንፋስ መውጫ ስንደርስ ልጄ ብርዱን አይታ ከመኪና አልወርድም አለች። እናቴ በጋቢ ጠቅልላ አወረደቻት። «ነይ የኔ እናት» አለቻት፤ አሁንም ስሟን አልጠራችም።

ማታ ልጅቷ ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ገብስ ቆሎ ስትሻማ፣ ምድጃው ዳር ሆኜ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ስሜ በሠላሳ አራት ዓመቴ የመጀመሪያ ወሬያችን ነበር። እሳቱን እየቆሰቆሰች ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዕዳ ነው ብለሽ ነው እስከ ዛሬ የኖርሽው?»

ዝም አልኩ።

«አይ ልጀ። ካሳው የተሰጠው ለኔ እኮ ነው። አንች መቼ ከፋይ ሆንሽ?»

ከዚያ ስለ ወንድሜ አወራችኝ። የሚወደው ትኩስ የገብስ ዳቦ እንደነበር፣ ንፋስ ሲነሳ ቆጡ ላይ ወጥቶ ይጮህ እንደነበር። ስሙንም ጠራችው። እዚህ አልጽፈውም፤ የኛ ነው።

እሳቱ ሊጠፋ ሲል «የልጅሽ ስም ግን እውነት ምንም ማለት አይደለም?» አለችኝ።

«አለው እኮ እማዬ፣ በኋላ ነው ያነበብኩት። በድሮ ጀርመንኛ ሙሉ እንደማለት ነው።»

«ሙሉ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ምነው ሙሉ ናት ብትይኝ!» ተቆጣች፤ እውነተኛ ቁጣ። ወዲያው ወደ ጓዳው ዞራ ጮክ ብላ ተጣራች። «ሙሉ! አንች ሙሉ! ነይ እሳት ሙቂ!»

ልጄ ማን እንደተጠራ ለማየት ግራ ቀኝ ዞር ዞር አለች። ከዚያ ቆሎዋን እንደጨበጠች መጣች።