የካርታ መስመርና የመሬት ወሰን

የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት (ጂአይኤስ) ትምህርት በብዙዎች ዘንድ እንደ ሶፍትዌር ልምምድ ይታሰባል። የትኛው ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ግን ካርታ ለመሳል እንጂ ለካርታው ዋስ ለመሆን አያበቃም። ለዚያ የሚያበቃው፣ መረጃው ምድርን በምን ስምምነት እንደወከለ መረዳት ነው።

ቀዳሚው ስምምነት ዳተም ይባላል፤ የምድርን ቅርጽና የልኬቱን መነሻ የሚወስነው እርሱ ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች በአዲንዳን ዳተምና በክላርክ 1880 ኤሊፕሶይድ ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ የጂፒኤስ መሣሪያዎች ግን በተለምዶ ደብልዩጂኤስ 84ን ይጠቀማሉ። ተገቢው ልወጣ ሳይደረግ የአንዱ መጋጠሚያ በሌላው ላይ ቢነበብ፣ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ነጥቡ በቀበሌ ድንበር አቅራቢያ ያለ የውኃ ምንጭ ከሆነ፣ ምንጩ በካርታው ላይ የጎረቤት ቀበሌ ሀብት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው የምስል ጥራት ነው። በላንድሳት ሳተላይት ምስል አንድ ፒክስል በተለምዶ 30 ሜትር በ30 ሜትር፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሩብ ሄክታር ተብሎ የሚገመተው አንድ ጥማድ መሬት 2,500 ካሬ ሜትር በመሆኑ ሦስት ፒክስል እንኳ አይሞላም። ጤፉ፣ የድንበሩ ሣርና የጎረቤት ማሳ በአንድ ፒክስል ውስጥ ይዋሐዳሉ። ከእንዲህ ያለ ምስል የአንድን ወረዳ የእርሻ ሽፋን መገመት ይቻላል፤ የሁለት ወንድማማቾችን ወሰን መፍረድ ግን አይቻልም።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም እጅግ የሚዘነጋው፣ መስመር ራሱ ውሳኔ መሆኑ ነው። ጣና ሐይቅ በመረጃ ቋት ውስጥ አንድ የተዘጋ ዳርቻ ይኖረዋል፤ በምድር ላይ ግን ውኃው በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል፤ ገበሬውም የሸሸውን ተከትሎ ያርሳል። ዳርቻው በመስከረም ምስል ከተሰመረ የእርሻው መሬት ሐይቅ ይሆናል፤ በግንቦት ከተሰመረ ደግሞ ሐይቁ እርሻ ይሆናል። ሁለቱም መስመሮች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀናቸው ካልተገለጸ ግን ሁለቱም ያሳስታሉ።

ስለዚህ ዳተሙን፣ የፒክስሉን መጠንና መረጃው የተሰበሰበበትን ቀን በካርታው ግርጌ መጻፍ የቅርጽ ማሟያ ብቻ አይደለም። ወሰን ሲያከራክር የአካባቢው ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ፤ ሲጠየቁም እንዴት እንዳወቁ ይናገራሉ። ዛሬ የይዞታ ማረጋገጫ ከካርታ ጋር ሲሰጥ ካርታውም ምስክር ሆኗልና፣ ያወቀበትን መንገድ መናገር ይጠበቅበታል።