የውሃ ጥንስስ

ጠላ የሚጠነስስ ሰው ጋኑን አጥቦና አጥኖ እንዳበቃ ዋንጫ ይዞ አይቀመጥም። ተውኔት የጠነሰሰ ደራሲም በማግሥቱ መጋረጃ አያስከፍትም። ቋንቋችን ለጠላውም፣ ለሤራውም፣ ለድርሰቱም አንድ ቃል ማዋሉ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በሦስቱም ዘንድ ዋናው ሥራ የሚካሄደው ከዐይን በተሰወረ ስፍራ ነውና። ሰሞኑን ለዚህ ቃል አራተኛ አገልግሎት አግኝቼለታለሁ። ይኸውም ሽሪምፕ የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት የሚኖሩበትን የመስታወት ገንዳ ማሰናዳት ነው።

ገንዳው 20 ሊትር ብቻ ይይዛል። ባለቤቷ የ12 ዓመት ልጄ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን ሁለት ወርቃማ ዓሦች ከነመስታወት ጎድጓዳቸው በስጦታ አምጥቶላት ነበር፤ በ9ኛው ቀን ሁለቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። የሸጠው ሰው ሲጠየቅ «ልጂቱ ምግብ አብዝታባቸው ይሆናል» ብሎ መለሰ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በልጂቱ ልብ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓሣ የሚያወራ እንግዳ ሲመጣ ክፍሉን ለቃ ትወጣ ነበር። ሽሪምፕ የሚያረባ አንድ ወዳጄ ስምንት ያህል ሊሰጠን ቃል በገባ ጊዜም የጠየቀችው ስለ ቀለማቸው አልነበረም፤ «እኔ ዘንድ እንዳይሞቱ ምን ላድርግ?» ነበር ያለችው። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ማባበያ አይበቃም፤ ኬሚስትሪ ያስፈልገዋል።

በውሃ የሚኖር እንስሳ ከሚያስወግደው ቆሻሻ፣ እንዲሁም ከሚተርፈውና ከሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ይህን መርዝ የሚያነሳ ማንም የለም፤ ውሃው ጥርት ብሎ እያየነው በውስጡ ያለው ነዋሪ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። የዚያች ብርጭቆ ምሥጢር ይኸው ነበር። ልጂቱ ምግብ አበዛችም አላበዛችም፣ ጎድጓዳው በተገዛበት ቀን ዓሣ የገባበት ያልተጠነሰሰ ውሃ መሆኑ ለጥፋቱ በቂ ነበር። ይህን ባስረዳኋት ዕለት ብዙ አልተናገረችም፤ ማታ ግን ተመልሳ መጥታ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድደግምላት ጠየቀችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ወርቃማ ዓሣን ከውሃ ተክልና ከቀንድ አውጣ ጋር በአንድ ዕቃ አኑሮ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲዘልቅ ማድረጉን በለንደን አሳውቆ ነበር። ተክሉ ለዓሣው ኦክስጅን ይሰጣል፤ ቀንድ አውጣው የበሰበሰውን ቅጠል ይበላል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች ነበሩ። እነዚህን ለይቶ ያወጣቸው ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ሩሲያዊው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ተቀብሎ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ያሻግረዋል። እኔ እንደ ተውኔት ጸሐፊ ይህ የሁለት ተዋንያን ቅብብል ደስ ብሎኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ሁለቱንም ሚና ብቻውን የሚጫወት ባክቴሪያ መገኘቱ ታውቋል። ተፈጥሮ የጻፍነውን ስታርመን ቅር ሊለን አይገባም።

እነዚህ ሠራተኞች ቸኩለው አይራቡም። አንዳንድ ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ እጥፍ ሲሆኑ፣ የእነርሱ አንድ እጥፍ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ብርድም ያዘገያቸዋል። ስለዚህ ልጄ የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲተንን በሰፊ ሳፋ አሳድራ ገንዳውን ሞላች፤ አሸዋና ጥቂት የውሃ ተክል አስገባች፤ አየር በሚነፋ አነስተኛ ሞተር የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያና ማሞቂያ ገጠመች። ከዚያም በየሁለት ቀኑ ባዶውን ገንዳ መመገብ ጀመረች።

ይህን ያዩት እናቴ ናቸው። «አንቺ ልጅ፣ ለማን ነው የምትበትኚው?»

«ለማይታዩት ነው፣ እማማ።»

እናቴ በሕይወታቸው ስንት ጋን እንደ ጠነሰሱ ቁጥሩን እርሳቸውም አያውቁትም። መጀመሪያ የወንዙን ነገር አነሡ፤ ለወንዝ ዓሣ ማን ጠነሰሰለት ነው ክርክራቸው። ጥያቄው ከብዙ መጻሕፍት የሚሻል ነው። ወንዝ አሮጌ ነው፤ እያንዳንዱ ድንጋይ፣ እያንዳንዱ ሥር እነዚህኑ ነዋሪዎች በቀጭን ልጋግ አምሳል ለብሶ ይኖራል፤ ውሃውም ሲፈስ ቆሻሻውን ያሳሳዋል። ይህን ሰምተው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እርሾ የለውማ! ከጎረቤት እርሾ አታመጡለትም?» አሉ። ዓሣ አርቢዎች የሚያደርጉት በእርግጥ ይህንኑ ነው። በማግሥቱ ከወዳጄ ገንዳ የቆየ የስፖንጅ ቁራጭ በውሃ እንደ ተዘፈዘፈ መጣ፤ ቡናማ፣ አተላ የመሰለ ጭማቂው እኛ ማጣሪያ ላይ ተጨመቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የመዝገብ ጊዜ ነው። ልጄ በየማታው ውሃውን በጠብታ እየመረመረች ቀለሙን በደብተር ትጽፋለች። የአሞኒያው መመርመሪያ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ፤ ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ ሲመለስ የናይትራይቱ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። በ23ኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ውሃዋ በባሕር ጠለል ካለው ውሃ ይልቅ በሩብ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው፤ ባክቴሪያዎቹም ያለ ኦክስጅን አይሠሩም። አያትና የልጅ ልጅ በሻማ ብርሃን ተቀምጠው፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ሲያንቆረቁሩ እስከ እኩለ ሌሊት ቆዩ። በገንዳው ውስጥ ገና አንድ እንስሳ አልነበረም። እኔ ብዙ ልምምድ አይቻለሁ፤ ተመልካች በሌለበት እንዲህ የተተጋበትን ጥቂቱን ነው የማስታውሰው።

በ38ኛው ቀን አሞኒያው ዜሮ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሆኑ። ገሚሱ ውሃ ተለወጠ። ሽሪምፖቹ መጡና የገንዳው ውሃ በቀጭን ቱቦ ጠብታ በጠብታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨመረላቸው፤ የውሃ ድንገተኛ ለውጥ ይጎዳቸዋልና። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ፣ በዱር ትውልዳቸው የምሥራቅ እስያ የሆኑ፣ ሰዎች በምርጫ እያራቡ ቀይ ያደረጓቸው ናቸው። ደማቸው ኦክስጅን የሚሸከመው እንደ እኛ በብረት ሳይሆን በመዳብ ነው፤ ነገር ግን በውሃው ውስጥ ጥቂት መዳብ ቢበዛ ይገድላቸዋል። ስለዚህ ለዓሣ በሽታ የሚሸጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት ወደዚህ ቤት አይገባም። እንደ ገቡም ምግብ አልጠበቁም፤ በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ የበቀለውን ያንኑ ቀጭን ሽፋን በጥቃቅን እጆቻቸው ይለቅሙ ጀመር።

በሳምንቱ ጠዋት ልጄ ከተክሉ ሥር ነጭ ሆኖ የተጋደመ አንድ አካል አየችና ቃል ሳትናገር ቆመች። እናቴ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። «ቁጠሪያቸው እስቲ» አሏት። ቆጠረች። ሁለት ጊዜ ደግማ ቆጠረች፤ ስምንት ናቸው። የተጋደመው ቅርፊት ነበር። ሽሪምፕ ሲያድግ ቅርፊቱን አውልቆ አዲስ ይለብሳል፤ ያወለቀውንም ለካልሲየሙ ሲል ይበላዋል። እንዳይወጣ ተወሰነ። በማግሥቱ ግማሹ ተበልቶ አገኘነው።